«ግላስ»፦ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ

ክቡራትና ክቡራን፣ የፊልም ጥበብ ወዳጆች፦

ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ፊልም ኤም. ናይት ሻማላን ጽፎ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው «ግላስ» ነው። የመረጥሁት መጥፎ ፊልም ስለሆነ አይደለም፤ ስለ መጥፎ ፊልም ረጅም ንግግር ማድረግ የአድማጭን ጊዜ ማባከን ይሆናል። «ግላስ» ችሎታ ያላቸው ሰዎች ከልባቸው ደክመው የሠሩት፣ በብዙ ቦታ የሚያምር፣ ጥቂት ትዕይንቶቹም በዘመኑ ከወጡት የሱፐርሂሮ ፊልሞች ከአብዛኞቹ የሚልቁ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ 19 ዓመት ተጠብቆ የመጣ ፊልም ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቻችን ከአዳራሹ የወጣነው ልባችን ሳይሞላ ነው። ለዚህ ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት፣ ማለትም ተመልካቹ ትልቅ ፍልሚያ ጠብቆ ትንሽ ስላገኘ ተከፋ የሚለው፣ ለእኔ አጥጋቢ ሆኖ አልታየኝም። ጉድለቱ ከዚያ ጠለቅ ያለ ነው፤ ፊልሙ ልባችንን ያንጠለጥልልኛል ብሎ የያዘው ጥያቄ፣ እኛ ገና አዳራሹ ውስጥ ሳንገባ መልሱን የምናውቀው ጥያቄ መሆኑ ነው። ይህን ለማስረዳት መጨረሻውን ጭምር መናገር ስለሚኖርብኝ፣ ፊልሙን ያላያችሁ አስቀድማችሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ2000 ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሻማላን በ1999 «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» በተባለው ፊልሙ የዓለምን ተመልካች ካስደመመ በኋላ በዓመቱ የዚህ ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል የሆነውን «አንብሬከብል»ን ይዞ መጣ። በዚህ ፊልም ብሩስ ዊሊስ የሚጫወተው ዴቪድ ደን በፊላደልፊያ ከተማ የአንድ ስታዲየም ጥበቃ ሠራተኛ፣ ትዳሩ የተቀዛቀዘበት፣ ጠዋት ሲነቃ ምክንያቱን የማያውቀው ሐዘን የሚጫነው ሰው ነው። የተሳፈረበት ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ መንገደኞቹ ሁሉ ሲያልቁ እርሱ ብቻ አንድም ጭረት ሳይነካው ይተርፋል። በሌላ በኩል ሳሙኤል ኤል. ጃክሰን የሚጫወተው ኤላይጃ ፕራይስ አጥንቱ በትንሽ ነገር የሚሰበርበት በሽታ ይዞት የተወለደ፣ እኩዮቹ «ሚስተር ግላስ»፣ ማለትም አቶ መስታወት፣ እያሉ ያሾፉበት፣ ልጅነቱን ከአልጋ ሳይወርድ የኮሚክ መጽሔት እያነበበ ያሳለፈ ሰው ነው። እንደ እርሱ ያለ ተሰባሪ ሰው በአንዱ ጫፍ ካለ፣ የማይሰበር ሰው በሌላው ጫፍ መኖር አለበት ብሎ ያምናል፤ ዴቪድንም ያገኘዋል። ፊልሙ እስከ መጨረሻው የሚጓዘው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ ይህ ሰው በእርግጥ ከሌላው የተለየ ነውን? ወይስ አንድ ሐዘንተኛና አንድ ሕመምተኛ ተገናኝተው የሚያጽናናቸውን ተረት እየፈጠሩ ነው?

እዚህ ላይ አንድ ትዕይንት ላስታውሳችሁ እወዳለሁ፤ ስለ «ግላስ» የምለው ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ትዕይንት ነውና። የዴቪድ ልጅ ጆሴፍ አባቱ በጥይት እንደማይሞት ለማሳየት ወጥ ቤት ውስጥ ሽጉጥ ይደግንበታል። እናቱ በድንጋጤ ትለምነዋለች፤ አባቱ መጀመሪያ ይለማመጠዋል፣ ኋላም ከተኮስህ ጥዬህ እሄዳለሁ ብሎ ይቆጣዋል። ልጁ የደገነው ጠልቶ አይደለም፤ አባቱን ከሰው ሁሉ በላይ አድርጎ ማየት ስለፈለገ ነው። እኛ ደግሞ በዚያች ቅጽበት እውነቱን አናውቅም። ልጁ ተሳስቶ ከሆነ አባት ይሞታል፤ ልጁ ልክ ከሆነ ደግሞ የዚህ ቤተሰብ ሕይወት ከዚያች ደቂቃ በኋላ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ጥይት አልተተኮሰም፣ ግድግዳ አልፈረሰም፣ ሕንፃ አልተናደም፤ በሱፐርሂሮ ፊልም ታሪክ ግን ከዚህ የበለጠ ትንፋሽ የሚያስውጥ ትዕይንት መጥቀስ ይቸግረኛል። የሠራውም ሁለት ነገር ነው፤ አለማወቃችንና ለሰዎቹ ያለን ፍቅር። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ነው ልብ የሚንጠለጠለው።

የዚያ ፊልም ዋና ፍልሚያ እንኳ ምን እንደሚመስል ታስታውሳላችሁ። ዴቪድ አንድ ነፍሰ ገዳይ ቤተሰብ አግቶ በያዘበት ቤት ገብቶ ሰውየውን ከኋላ አንገቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ያ ሰው ከግድግዳ ጋር እያላተመው ለማምለጥ ሲታገል ዴቪድ ዝም ብሎ አጥብቆ ይይዛል፣ እስኪወድቅ ድረስ። በዚያ ትዕይንት ጎልቶ የሚታየው የዴቪድ ጉልበት ሳይሆን አለመልቀቁ ነው። እንግዲህ ከዚህ ፊልም የመጣ ተመልካች ትልቅ ፍልሚያ ስለጎደለበት ነው የተከፋው ማለት ተመልካቹን አለማወቅ ነው።

«አንብሬከብል» በወጣበት ጊዜም ከተጠበቀው በታች ሆነ ተብሎ ነበር። ስቱዲዮው ያስተዋወቀው የኮሚክ ታሪክ መሆኑን ሸሽጎ፣ «ዘ ሲክስዝ ሴንስ»ን የሚመስል ምስጢራዊ ፊልም አድርጎ ነው፤ ተመልካቹም ሌላ መንፈስ ሊያይ ገብቶ ዝግ ብሎ የሚራመድ የጀግና ልደት ታሪክ አገኘ። 75 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 248 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቢያስገባም ከቀዳሚው ጋር ሲነጻጸር እንደ ውድቀት ተቆጠረ። ጊዜ ግን ፈረደለት። ዳይሬክተሩ ኩዌንቲን ታራንቲኖ በ2009 ከ1992 ወዲህ ከወጡት ፊልሞች በጣም የሚወዳቸውን 20 ሲዘረዝር ይህን ፊልም አካትቶታል፤ የሱፐርሂሮ ፊልም ጎርፍ ከመጣ በኋላ ወደ ኋላ ዞረው ያዩት ሁሉ ምን ያህል ቀድሞ እንደነበረ ተረዱ። ይህን ታሪክ የሚያውቁ አንዳንድ ወዳጆች «ግላስ»ም ነገ እንዲሁ ይከበራል ይላሉ። ወደዚህ ሐሳብ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ክፍል «ስፕሊት» ነው፤ በ2017 መጀመሪያ በስፋት የታየ፣ 9 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ወጥቶበት ከ270 ሚሊዮን በላይ ያስገባ ፊልም። ጄምስ ማካቮይ በልጅነቱ የደረሰበት ጭካኔ ማንነቱን ከሃያ በላይ ቦታ የከፋፈለበትን ኬቨን ዌንዴል ክራምብን ይጫወታል፤ አኒያ ቴይለር-ጆይ ደግሞ ከጠለፋቸው ልጃገረዶች አንዷ የሆነችውን፣ እርሷም በቤተሰቧ ውስጥ ግፍ የተፈጸመባትን ኬሲን። ተመልካቹ ይህ ፊልም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው ብሎ ሲከታተል ቆይቶ፣ በመጨረሻው ደቂቃ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰዎች ስለ ኬቨን ዜና ሲያወሩ ዴቪድ ደን እዚያው ተቀምጦ ይታያል። ያቺ አንድ ደቂቃ ፊልሙን ሙሉ ቀየረችው። ያየነው የአንድ ጠላፊ ታሪክ ሳይሆን የአንድ ባላንጣ ልደት እንደነበረ፣ በሁለት ፊልሞች መካከልም ከ16 ዓመት በላይ የተደበቀ ድልድይ እንዳለ ገለጠች።

ይህን ያነሳሁት ስለ ተስፋው ባለቤት ለመናገር ነው። ፊልም ሲወድቅ «የተመልካቹ ተስፋ ከልክ አለፈ» ማለት የተለመደ ማመካኛ ነው፤ ጥፋቱን ሠሪው ላይ ሳይሆን ተመልካቹ ላይ ይጥለዋል። በ«ግላስ» ጉዳይ ግን ያን ተስፋ በተመልካቹ ልብ የተከለው ራሱ ዳይሬክተሩ ነው። የኬቨንን ገጸ ባሕርይ በመጀመሪያው ፊልም ረቂቅ ውስጥ እንዳሰበው፣ ኋላም አውጥቶ እንዳቆየው ተናግሯል። የመጀመሪያው ፊልም መብት ከአንድ ስቱዲዮ፣ የሁለተኛው ከሌላ ሆኖ ሳለ ተፎካካሪዎቹ ዲዝኒና ዩኒቨርሳል ተስማምተው ሦስተኛውን በጋራ እንዲያሰራጩ ተደረገ። ሻማላን የራሱን ገንዘብ ጭምር አውጥቶበታል። ለእንዲህ ያለ ድፍረት ያለኝን አክብሮት መደበቅ አልፈልግም፤ ነገር ግን ቃል የገባ ሰው በቃሉ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ከ2000 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ዓለሙም ተለውጧል። «አንብሬከብል» ሲወጣ የኮሚክ መጽሔት ሕጎችን፣ ጀግናና ባላንጣ እንዴት ተቃራኒ ሆነው እንደሚሠሩ፣ የጀግናው ድክመት ምን ሊሆን እንደሚገባ ለሰፊው ተመልካች ማስረዳት አዲስ ነገር ነበር። «ግላስ» ሲወጣ ግን «ዘ አቬንጀርስ» ከታየ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ከዘጠኝ ወር በፊት የወጣው «ኢንፊኒቲ ዋር» ደግሞ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ተመልካቹ እነዚህን ሕጎች በቃሉ ያውቃቸዋል። እንዲህም ሆኖ በ«ግላስ» ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ አሁንም ቆመው ያስረዱናል፤ ኤላይጃ ታሪኩ የደረሰበትን ምዕራፍ በአፉ ይናገራል፤ ኬሲና ጆሴፍ ምስጢሩን ፍለጋ የኮሚክ መሸጫ ድረስ ይሄዳሉ። በ2000 እንደ ግኝት የሰማነውን በ2019 እንደ ትምህርት እንድንሰማው መደረጋችን የፊልሙን እግር በየቦታው ያስረዋል።

አሁን ወደ ፊልሙ ልግባ። መክፈቻው መልካም ነው፤ እንዲያውም በጣም መልካም ነው። ዴቪድ ዕድሜው ገፍቷል፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ከልጁ ጋር የደኅንነት መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ይዞ በምሽት የዝናብ ልብሱን ደርቦ ወንጀለኛ ያድናል። ጆሴፍን የሚጫወተው በሕፃንነቱ የተጫወተው ያው ስፔንሰር ትሪት ክላርክ ነው፤ ያ ሽጉጥ የደገነው ልጅ ጎልማሳ ሆኖ ከአባቱ ጋር እየሠራ ስናይ ማንም ሜካፕ ሊፈጥረው የማይችለው የጊዜ ክብደት ይሰማናል። ዴቪድ የታገቱትን ልጃገረዶች ያገኛል፤ ከኬቨን ጨካኝ ማንነት ጋር ይታገላል፤ ሁለቱም ይያዛሉ። እስከዚህ ድረስ ያለው ክፍል ቃሉን ጠብቋል።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ወደ አእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ይገባል፤ ከሞላ ጎደል እስከ መጨረሻውም ከዚያ አይወጣም። ሳራ ፖልሰን የምትጫወተው ዶክተር ኤሊ ስቴፕል ራሳቸውን ሱፐርሂሮ አድርገው የሚያስቡ ሰዎችን የማከም ሙያ አለኝ ትላለች፤ ዴቪድን፣ ኬቨንንና ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ እዚያ የተዘጋበትን ኤላይጃን ይዛ፣ ኃይላችሁ ምኞት ነው፣ ሁሉም ነገር ተራ ማብራሪያ አለው ብላ ልታሳምናቸው ሦስት ቀን ተሰጥቷታል። ሦስቱን በአንድ ሰፊ ሮዝ ክፍል ጎን ለጎን አስቀምጣ የምታነጋግርበት ትዕይንት የፊልሙ እምብርት ነው። ዶክተሯ የተረጋጋች ናት፤ ንግግሯ አመክንዮ አለው፤ ዴቪድ የሰውን ኃጢአት በመንካት የሚያውቀው የሰዎችን ሁኔታ በደንብ ስለሚያስተውል ሊሆን እንደሚችል፣ ኬቨን የፈጸመው ሁሉ አንድ ብርቱ ሰው ሊያደርገው የሚችል እንደሆነ አንድ በአንድ ታስረዳለች። ዴቪድም መጠራጠር ይጀምራል።

እኛ ግን አንጠራጠርም፤ ልንጠራጠርም አንችልም። ሁለት ሙሉ ፊልም ቆጥረን ያየነው ነገር አለ። ኬቨን በግድግዳ ሲወጣ፣ ጥይት ሳይጥለው ሲቀር አይተናል፤ ዴቪድ ልጁ ክብደት እየጨመረለት ሲያነሳ አይተናል፤ በዚሁ ፊልም መክፈቻ ላይም ሁለቱ ሲታገሉ አይተናል። ዶክተሯ የምትከራከረው ከዓይናችን ጋር ነው። ስለዚህ ከፊልሙ መካከል ያለው ረጅም ክፍል የቆመበት «እውነት ነው ወይስ ቅዠት?» የሚለው ጥያቄ በእኛ በኩል ክፍት አይደለም። የመጀመሪያው ፊልም ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቀን መልሱ አልነበረንም፤ ሦስተኛው ሲደግመው መልሱን የሰጠን ራሱ መሆኑን የረሳ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የአስደንጋጭ ፊልሞች ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ በሰጠው የታወቀ ቃለ ምልልስ፣ ሰዎች በሚጨዋወቱበት ጠረጴዛ ሥር ቦምብ እንዳለ ተመልካቹ ካወቀና ሰዎቹ ካላወቁ ልብ የሚንጠለጠለው በዚህ ነው ብሏል። ተመልካች ከገጸ ባሕርዩ በላይ ማወቁ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው ማለት ነው። ታዲያ በ«ግላስ» እኛ ከዴቪድ በላይ ማወቃችን ለምን አልሠራም? መልሱ የምናውቀው ነገር ዓይነት ላይ ነው። በሂችኮክ ምሳሌ የምናውቀው አደጋውን ነው፤ ስለምናውቅ እንፈራለን፣ ስለምንፈራ እያንዳንዱ ተራ ቃል ይከብደናል። በ«ግላስ» የምናውቀው መፍትሔውን ነው፤ ስለምናውቅ አንፈራም፣ ዴቪድ እስኪደርስበት በትዕግሥት እንጠብቃለን። አደጋውንማ ፊልሙ ደብቆብናል።

የተደበቀው አደጋ ምን ነበር? በመጨረሻ እንደምንረዳው ዶክተር ስቴፕል ከጥንት ጀምሮ ልዩ ኃይል ያላቸውን ሰዎች ከዓለም ሲያጠፋ የኖረ፣ ምልክቱ ክሎቨር የተባለ ባለ ሦስት ቅጠል ተክል የሆነ ምስጢራዊ ማኅበር አባል ናት። ኃይላቸውን አልተጠራጠረችም፤ ከማንም በላይ ታምንበታለች። ልታሳምናቸው የሞከረችው ካመኑላት መግደል ስለማያስፈልግ ነው፤ ይህ በእርሷ ዘንድ ከግድያ የሚሻል ርኅራኄ ነው። እኔ ይህን የፊልሙ ትልቁ ሐሳብ አድርጌ እመለከተዋለሁ፤ እጅግ የሚያሳዝነኝም ይኸው ሐሳብ ጀግኖቹ ሞተው ካለቁ በኋላ በጥቂት ዓረፍተ ነገር መነገሩ ነው። ይህን በፊልሙ አጋማሽ ብናውቅ ኖሮ የሮዙ ክፍል ትዕይንት ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። ዶክተሯ በለሰለሰ ድምፅ ስትናገር፣ ካላሳመነቻቸው በሦስተኛው ቀን እንደሚገደሉ እናውቃለን። ያን ጊዜ እኛው ራሳችን ዴቪድ እንዲጠራጠር፣ ጀግንነቱን እንዲክድ፣ ተራ ሰው ነኝ ብሎ ወደ ልጁ እንዲመለስ እንመኝ ነበር። ጀግናው በራሱ ላይ ያለውን እምነት እንዲያጣ የሚመኝ ተመልካች መፍጠር በሱፐርሂሮ ፊልም ውስጥ ያልተለመደ ነገር ነው፤ ሻማላን ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ በእጁ ይዞ ነበር። እርሱ ግን ሁሉን ለመጨረሻው ድንገተኛ መገለጥ አጠራቀመው። ምስጢሩ ሲወጣ ለአንድ አፍታ ደነገጥን፤ ለዚያች አፍታ የተከፈለው ዋጋ አንድ ሰዓት ያህል የፈዘዘ ጥርጣሬ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሌላው ጉዳት በሰዎቹ ላይ የደረሰው ነው። ኤላይጃ ፊልሙ በስሙ የተጠራለት ሰው ሆኖ ሳለ ለረጅም ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ በመድኃኒት የደነዘዘ መስሎ ያለ ንግግር ይቀመጣል። ማስመሰሉ ለሴራው ያስፈልጋል፤ ይሁንና ጃክሰንን የሚያህል ተዋናይ ይዞ ዝም ማሰኘት ከባድ ኪሳራ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝ በፊልሙ ውስጥ የገባ አንድ አሮጌ ትዕይንት ነው። ሕፃኑ ኤላይጃ በመዝናኛ ስፍራ በሚሽከረከር መጫወቻ ላይ ወጥቶ አጥንቱ የሚሰበርበት ይህ ትዕይንት ለ2000ው ፊልም ተቀርጾ ያኔ የተቆረጠ ነው። በ«ግላስ» መካከል ሲመጣ ከዙሪያው ካለው ሁሉ በላይ ያማል፤ ምክንያቱም ሕፃኑ ምን ሊደርስበት እንደሚችል እናውቃለን፣ ልጅ መሆን ምን ያህል እንደሚናፍቅም ይታየናል። ቀድሞ የተጣለ ቁራጭ በአዲሱ ፊልም ውስጥ ብርቱው ጊዜ መሆኑ ብዙ ይናገራል።

ዴቪድም እንዲሁ ነው። ከተያዘ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ድክመቱ የሆነውን ውኃ እንዲረጭበት በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ጆሴፍ ዶክተሯን ሊለምን ይመጣል፤ አባትና ልጅ ግን ከመክፈቻው በኋላ አንድ ወጉ የደረሰ ንግግር አይነጋገሩም። በወጥ ቤቱ ትዕይንት የተጀመረው የሁለቱ ጉዳይ፣ አባቱን ጀግና ሆነህ ኑር ብሎ ያስገደደ ልጅ አሁን ያ ጀግንነት አባቱን ሲያሳስረው ምን ይሰማዋል የሚለው፣ ሳይነካ ቀረ። ዶክተሯ የልጅነት ቅዠታችሁ ነው ስትል ከማንም በላይ ሊቆስል የሚገባው ጆሴፍ ነበር፤ የአባቱን እምነት ያቆመው እርሱ ነውና። ጥርጣሬው እርሱን ቢይዘው ኖሮ እኛንም ይነካን ነበር።

ማካቮይን ግን ምንም ሊያጎድለው አልቻለም። በክፍሉ ውስጥ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር አንዱ ማንነት ሄዶ ሌላው ይመጣል፤ ካሜራው ሳይቋረጥ እርሱ ከዘጠኝ ዓመት ሕፃን ወደ ቁጥብ ሴት፣ ከእርሷም ወደ ቁጡ ሰው ሲሻገር ልብስ አይቀይር፣ ሜካፕ አይቀይር፤ የትከሻው አያያዝ፣ የከንፈሩ ጥግ፣ የትንፋሹ ፍጥነት ብቻ ይለወጣል። የትወና ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ትዕይንት ደጋግሞ ቢያየው ይጠቀማል። የሰውነቱን ጡንቻ እንኳ እንደ ማንነቱ የሚያጠብቀውና የሚያላላው ይመስላል። ኬሲ ወደ እርሱ ቀርባ እውነተኛውን ኬቨንን በርኅራኄ የምትጠራበት ጊዜም ፊልሙ ከክርክር ወጥቶ ወደ ሰው የሚመለስበት ጊዜ ነው፤ ምንም እንኳ የጠለፋት ሰው ላይ ያደረባት ርኅራኄ ከዚህ የበለጠ መንገድ ያስፈልገው ነበር ብልም።

ወደ መጨረሻው ፍልሚያ እንምጣ። ኤላይጃ በከተማው መካከል ሊመረቅ በተዘጋጀ ኦሳካ ታወር በተባለ ረጅም ሕንፃ ላይ በሕዝብ ፊት እንደሚፋለሙ ያቅዳል፤ ፊልሙም ወደዚያ እንደምንሄድ ደጋግሞ ያስታውቀናል። አንሄድም። ሁሉም ነገር የሚያልቀው በሆስፒታሉ ደጅ፣ በሣርና በመኪና ማቆሚያ መካከል ነው። ብዙ ሰው የተቆጣው በዚህ ነው፤ እኔ ግን ውሳኔውን በመርሕ ደረጃ እደግፈዋለሁ። ፊልሙ የተሠራው በ20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚያም በላይ የዚህ ታሪክ ባሕርይ ሁልጊዜ ጠባብ ቦታና ሁለት ሰው ነው። ያልተሳካው የቦታው ትንሽነት አይደለም። የኤላይጃ እናት፣ ጆሴፍና ኬሲ ዳር ቆመው ሲያዩ፣ እየመጡም የጎደለውን መረጃ ሲያቀብሉ፣ ፍልሚያው በየመካከሉ እየቆመ ንግግር ይሆናል። ጆሴፍ የኬቨን አባት ዴቪድ ብቻውን በተረፈበት፣ ኤላይጃ ሆን ብሎ ባጠፋው በዚያው ባቡር ውስጥ እንደሞተ ይገልጣል፤ ኬቨንም በኤላይጃ ላይ ይነሳል። ሦስቱን ፊልሞች የሚያስር ይህን የሚያህል ቋጠሮ በጩኸት መካከል እንደ ዜና ተነግሮ ያልፋል።

የዴቪድ ሞት ከሁሉ ይልቅ ተመልካቹን የከፋፈለ ጉዳይ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ውኃ የሚያሸንፈው ሰው አስፋልት ላይ ባለ ጉድጓድ በተጠራቀመ ጥቂት ውኃ ውስጥ ስሙን እንኳ በማናውቀው ሰው እጅ ፊቱ ተደፍቆ ይሞታል። ሐሳቡ ደፋር ነው፤ ማኅበሩ ድንቅ ነገርን ከዓለም የሚያጠፋው በታላቅ ውጊያ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ማንም በማያስተውለው ትንሽነት እንደሆነ ያሳያል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ከማን ጋር እየተዋጋን እንደሆነ ገና አልተነገረንም። ስቴፕል እጇን ሰጥታው እርሱ በመንካት እውነቱን የሚያየው ሊሞት ሲል ነው፤ እኛም ልናለቅስለት ሲገባን ማኅበሩ ምን እንደሆነ በማሰላሰል ላይ እንሆናለን። ሐዘንና ማብራሪያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲገናኙ የሚሸነፈው ሐዘን ነው። 19 ዓመት አብሮን የቆየ ሰው እንዲህ ተሰናብቶን ሲሄድ የተሰማንን ባዶነት «ተስፋችሁ ስለበዛ ነው» ብሎ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም።

ወደ ተውኩት ሐሳብ ልመለስ፤ «ግላስ» እንደ «አንብሬከብል» ነገ ይከበራልን? ፊልሙ በገንዘብ አልወደቀም፤ ወደ 247 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። ከሐያሲዎች ዘንድ ግን የሐያሲዎችን ግምገማ በሚያሰባስበው በሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ ላይ ከ40 በመቶ በታች ድጋፍ ነው ያገኘው። የ2000ው ቅሬታ የመጣው ፊልሙ በተሳሳተ ስም ስለተሸጠ ነበር፤ ስሙ ሲረሳ ሥራው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የ2019ኙ ቅሬታ የመጣው ከውስጥ፣ ከታሪኩ አወቃቀር ነው፤ ጊዜ ቢረዝም አይጠገንም። የማካቮይ ትወናና የመክፈቻው ክፍል እንደሚኖሩ፣ የሐሳቡም ድፍረት ወደፊት የተሻለ ፊልም ለሚሠራ ሰው ስንቅ እንደሚሆን ግን አምናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ የመጨረሻው ትዕይንት። ኤላይጃ ሞቱን ጭምር አስልቶ የሆስፒታሉ የደኅንነት ካሜራዎች የቀረጹትን ፍልሚያ ወደ ውጭ አስተላልፏል፤ ሦስቱ የሟቾች ወዳጆች በፊላደልፊያ ባቡር ጣቢያ ተቀምጠው ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛመት፣ የሰዎች ፊት በመደነቅ ሲበራ ያያሉ። ፊልሙ ዓለም እውነቱን አወቀ ይለናል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ቪዲዮውን የሚያዩት ሰዎች ቀድሞ እኛ የነበረንን ማስረጃ አላገኙም፤ ያላቸው ከደኅንነት ካሜራ የተቀዳ፣ በማንም ኮምፒውተር ሊቀናበር የሚችል ጥቂት ምስል ነው። የዶክተር ስቴፕል ማብራሪያ ሁሉ፣ ብርቱ ሰው ነው፣ አጋጣሚ ነው፣ ዘዴ ነው የሚለው፣ ለእኛ ባይሠራም ለእነዚህ ሰዎች በትክክል ይሠራ ነበር። ፊልሙ ግን ጥርጣሬውን የማይጠራጠረው ተመልካች ላይ ጨርሶ፣ ሊጠራጠር የሚገባው ሕዝብ ጋ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወዲያው እንዲያምን አደረገ።